በትንሽ ብር ወንጪ፦ የአባዬ ቀይ ጃንጥላ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ አምቦ

መናኸሪያው ገና አልነቃም፤ ሚኒባሷ ግን ሞተሯን አስነስታ ትንቀጠቀጣለች። እኔ፣ አባዬ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ጃንጥላ። ሂሳቡ ለሰው ሃምሳ ብር።

በትንሽ ብር የት እንሂድ እያላችሁ የምትጽፉልኝ ታውቁኛላችሁ። ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል። ግን አምቦ ውስጥ ቅዳሜና እሁድን በርካሽ ማሳለፍ እንደኔ የሚችልበት የለም። ጭልሞ ጫካ አንድ ኪስ ቆሎ ይዘን ቀኑን ሙሉ የዋልን ጓደኞቼ ምስክር ናቸው። ወንጪ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሕጌ አንድ ነው፦ ፈረስ አትከራዩ፣ መውረድ በነጻ ነው።

አባዬን ግን አንድም ቀን አልወሰድኩትም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ታይፎይድ ሊገድለኝ ሲል፣ "ልጄን ካተረፍክልኝ በእግሬ ወርጄ ጃንጥላ አገባለሁ" ብሎ ለወንጪ ቂርቆስ ተሳለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሐይቁ መሃል፣ ደሴቱ ላይ ነው። እኔ ተረፍኩ፣ ስለቱ ቀረ። መጀመሪያ ሥራ አላስኬደውም። ኋላ "መቼ ትወስደኛለህ?" ሲለኝ "የሚቀጥለው ቅዳሜ" የምለው እኔ ሆንኩ። በዚህ መሃል የስፌት መኪናው ፔዳል ጉልበቱን በላው።

ሁለት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

አቧራ። ዳገት። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ እንሰት፣ ድንች የተጫነች አህያ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ስትጠብሰኝ ቀልድ አማረኝና ጃንጥላውን ከአንሶላው አወጣሁት። ቀይ የከፋይ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ፤ አባዬ ራሱ ነው የሰፋው። ልከፍተው ስል እጄን መታኝ።

"አንተ! የስለት ዕቃ ነው!"

"ትንሽ ጥላ ብቻ አባዬ፣ ቂርቆስ አይቆጥርብኝም።"

"መጀመሪያ የሚከፍቱት ቄሱ ናቸው። እስከዛ ማንም አይከፍተውም።"

ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ "ጎረምሳው፣ ለፀሐይ ከሆነ መጋረጃውን ሳብ" አለ። መኪናው ሁሉ ሳቀብኝ።

አራት ሰዓት፣ አፋፉ ላይ

ሐይቁ ከታች ተኝቷል። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይሄን ነው አራቴ ያየኸው?" አለኝ።



ባለፈረሶቹ በተራ ነው የሚሠሩት፤ ፈረስ አትመርጥም፣ ተራ የደረሰው ይወስድሃል። ተራው ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። "አካም ቡልተን" ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። አባዬ ግን "በእግሬ" ብሎ ዱላውን ይዞ ቁልቁል ጀመረ። ሃምሳ እርምጃ አልሞላም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"በፈረስ ውረድ አባዬ፣ እኔ እከፍላለሁ።" ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ 'ፈረስ አትከራዩ' ባዩ።

"በፈረስ አልተሳልኩም።"

"ልዘልህ?"

"በሰው ጀርባም አልተሳልኩም።"

ኦቦ ቶላ ልጓሙን እንደያዙ ሲሰሙን ቆይተው "የተሳሉት ለማን ነበር?" አሉት።

"ለዚህ ጉረኛ።"

"እግሩ ደህና ነው?"

"ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ እግሩ አዲስ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ያዳኑት እግር አይደል? እሱ ይውረድበት።"

አባዬ ሐይቁን አየ። ከዛ ጃንጥላውን በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝ።

"ሲገባ ግን ላላየው ነው" አለ።

ኦቦ ቶላ ተራቸውን ለሚቀጥለው ባለፈረስ ለቀቁና አጠገቡ ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት፣ ደሴቱ

ቁልቁለቱን ወርጄ በጀልባ ተሻገርኩ። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ጸለዩበት። ከፋዩን በእጃቸው እየዳሰሱ "መቼ የተሳለ ነው?" አሉኝ።

"አስራ ስድስት ዓመት ሆነው።"

አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

"አባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። አባቴ እላይ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነው።"

ቀና ብለው ገደሉን አዩት። ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። ከፈቱት። ቀይ! ከፍ አድርገው ያዙትና በቀስታ አዞሩት። ደግመው፣ ደግመው አዞሩት። እኔ ወደ ላይ ባይ ባይ ሰውና ድንጋይ አይለይም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዳገቱ

መውረድ በነጻ ነው ብያችኋለሁ። ስለ መውጣቱ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ላንቃዬ ደርቆ፣ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ተዘርሬ ደረስኩ።

አባዬ እዛው ድንጋይ ላይ ነው። ከኦቦ ቶላ ጋር ድንች ይልጣሉ። አየኸው ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ዓይኑ ስለደከመ መርፌ ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ።

"እኔ ምንም አልታየኝም" አሉ ኦቦ ቶላ ቀድመው። "እሳቸው ናቸው ተነሥተው የቆሙት።"

አባዬ ከድንቹ ቀና አላለም።

"ሦስቴ አዞሩት" አለ።

ሦስት ጊዜ ነበር።

የላጠውን ድንች ሰጠኝና ድንጋዩ ላይ ጠጋ አለልኝ።

"ቁጭ በልና ብላ" አለኝ። "ደክሞናል።"