ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስበን ሎግያ የገባን ቀን

ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ሎግያ ታሞ ሞተ። በዚያ ሙቀት አስከሬን አይቆይም ተብሎ እዚያው ተቀበረ። እኔና እናቴ አልደረስንም። አቃቂ፣ ቤታችን በር ላይ በተተከለው ድንኳን ተቀምጠን አለቀስን። ከዚያ በኋላ እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «አርባው ሳይደርስ መቃብሩን በዓይኔ ልይ።»

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና የለኝም። ቃሊቲ አንድ ሰውዬ ቪትዝ አከራየኝ። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ብዙ መከረኝ። ጎማውን ጠዋት ሳይሞቅ አስለካ። ለሰውም ለመኪናም የሚበቃ ውሃ ጫን። ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ፈልገህ ቁም። ሞተሩ ከጋለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጠዋል። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስለ እናቴ ግን ምንም አልነገረኝም።

እናቴ ንፋስ ትፈራለች። በሚሄድ መኪና ውስጥ መስኮት ከተከፈተ አፍ ይጣመማል ትላለች። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ሆና «ኧረ ዝጉት!» የምትለው ሴትዮ እሷ ናት።

አዋሽ አድረን በጠዋት ተነሳን። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች፤ በላዩ ጥቁር ነጠላ። ኤሲውን ከፈትኩ።

«ምንድነው የሚነፋብኝ?»

«ኤሲ ነው እማዬ።»

«ዝጋው! ልጄ ጋ ሳልደርስ በብርድ ልትገድለኝ ነው?»

ዘጋሁት። ገዋኔን ስናልፍ መሪው እጄን ያቃጥል ጀመር። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እሷን ከእኔ ብሶ ላብ አጥምቋታል። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ምን ሆንኩ፣ ደስ የሚል ሙቀት ነው» ትለኛለች።

ከዚያ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ቀዩን ነካ። ከመንገድ ወጥቼ አጠፋሁት። እስኪበርድ ጠብቄ ውሃ ጨመርኩ። ትንሽ እንደሄድን ቀስቱ እንደገና ወጣ። ደግሜ ቆሜ አከራዩ ጋ ደወልኩ።

«ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው» አለኝ። «ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ውስጥ ይስበዋል። መስኮቶቹን በሙሉ አውርድና ቀስ እያልክ ሚሌ ግባ፣ እዚያ መካኒክ ታገኛለህ።»

እናቴ ሰምታለች። «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? በዚህ ላይ ማሞቂያ?»

«አለበለዚያ አንደርስም እማዬ።»

ወደ ፊት አየች፤ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ አስፋልቱ ብቻ እንደ ውሃ ያብለጨልጫል። ነጠላዋን አፏና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች። መስኮቷን በራሷ እጅ አወረደች።

«በል ንዳ።»

ያንን ሰዓት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከታች ማሞቂያው እግራችንን ይጠብሳል። ከጎን ንፋሱ ከምድጃ እንደወጣ ሆኖ ይመታናል። የምክር ወረቀቴ በመስኮት በረረ። ግመሎች መንገድ ዘግተው ቆመው አዩን። እናቴ ሹራቧን አውልቃ ወደ ኋላ ወረወረች። ቀስቱ መውረድ ሲጀምር «ወረደ!» ብዬ ጮህኩ፤ እሷም «ወረደ!» አለች፣ ምን እንደወረደ ሳታውቅ።

ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ዞር አልኩ። ነጠላው ወርዷል። አፏ ተጣሞ ጆሮዋ ስር ደርሷል።

ፍሬን ያዝኩ። «እማዬ! እማዬ!»

አፏ ቀስ ብሎ ተቃና። «ሞኝ» አለችኝ።

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷ ዳሽቦርዱን እየደበደበች ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር። አንድ ሾፌር ከኋላችን ጡሩምባ ነፍቶ «መንገድ መሃል ነው እንዴ የምትጫወቱት?» ብሎ አለፈን። ያ ደግሞ ሳቁን አባሰብን።

ሚሌ ላይ መካኒኩ የተቀደደውን የራዲያተር ውሃ ቱቦ ቀየረልን። ሎግያ፣ ወንድሜ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ እኛ ግን ሳቁ ገና አልለቀቀንም። የበሩ ዘበኛ አቧራችንን አይቶ «እንዲህ የሚያስቃችሁ፣ ለክርስትና ነው የመጣችሁት?» አለን።

እናቴ «ልጄ እዚህ ነው ያለው» አለችው።

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ቀደመን። መቃብሩ ድንጋይ ተከምሮበታል፣ በቆርቆሮ ላይ ስሙ ተጽፏል። እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ድንጋዩን በእጇ እየጠረገች፣ መንገዱን ከአዋሽ ጀምራ ትነግረው ጀመር። ገዋኔ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ቀና ብላ አየችኝ፤ «አንተ ቀጥልለት» አለችኝና ለእኔም ቦታ ለቀቀችልኝ።