የተጠገነው ጽዋ

እትዬ አገርነሽ ዓባይ ማዶ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ሸክላ ሲሠሩ አረጁ። የእኛ የማርያም ማኅበር የሚጠጣበትን ጽዋ የሠሩልንም እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ ግን አያስገባቸውም። «ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ክፉ ነው» እየተባለ እሳቸው ቤት ውሃ እንኳ አይቀመስም። ጉድ እኮ ነው፤ በሠሩት ድስት ወጥ እየሠራን! በዚህ ነገር ከማኅበሩ አለቃ ከጋሼ ክንዱ ጋር ስንቴ እንደተኳረፍሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ አገርነሽ ግን ቂም የላቸውም። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ሳይሞቱ ጽዋውን በተራቸው ተረክበው ማርያምን በቤታቸው መዘከር።

ዘንድሮ የኮሌጅ ተማሪዎች የጥንት ዕቃ ፍለጋ መጥተው የእትዬ አገርነሽን ጓሮ ቆፈሩ። ቦታው ከጥንት የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነበር አሉ። እኔም ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ ቁጭ ማለት አልሆንልኝ ብሎ የሸክላ ስባሪ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ሲተኮስ የተሰነጠቀ ገንቦ፣ አፉ የተጣመመ ድስት፣ ምኑ ቅጡ።

አንድ ቀን መምህራቸው ባምላክ ያጠብሁትን አንስቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። ትልቅ ዋንጫ ነው፤ ከአፉ በታች መስቀል ተጭሮበታል። ተሰብሮ ኖሮ፣ ስንጥቁን ግራና ቀኝ በስተው በጅማት ሰፍተውታል።

«እማማ፣ ሸክላ ሠሪ ሸክላ ይጠግናል እንዴ?» አለኝ።

«ምን በወጣው? አዲስ መሥራት አይቀለውም?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ያልጣሉት የራሳቸው ብቻ ስላልሆነ ይመስለኛል። አጠገቡ የወጣውን ደግሞ ይመልከቱ፤ የበሬ አጥንት አለ፣ ከሌላ አገር አፈር የተሠሩ ትንንሽ ዋንጫዎች አሉ። ሰው ከሩቅ እየመጣ እዚህ አብሯቸው ይበላ ይጠጣ ነበር። እርግጠኛ ባልሆንም፣ የማኅበር ጽዋ ነው እላለሁ።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ለማርያም ዕለት ባምላክን ከነዋንጫው ማኅበሩ ፊት አቆምሁት። ያገኘውን ነግሯቸው ሲጨርስ እኔ ቀጠልሁ፤ «የፊተኞቹ አባቶቻችን በሸክላ ሠሪ ቤት ጠጥተው ምን ሆኑ? ይኸው እኛን ወልደዋል አይደል?»

ጋሼ ክንዱ ዋንጫውን ተቀብለው አገላበጡት። መስቀሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «የሚመጣው ወር የአገርነሽ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። አንዳንዱ አጉረመረመ።

ቀኑ ደረሰ። እትዬ አገርነሽ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው፣ ነጭ ለብሰው በር በሩን ያያሉ። ከእኔ በቀር ማንም የለም። ረፈደ። የሚመጣ ባይኖርስ ብዬ በጣም ፈራሁ። ኋላ ቄሱ መጡ፤ ቀጥሎ ጋሼ ክንዱ ከነባለቤታቸው፣ ከዚያ የተቀረው እየተንጠባጠበ ገባ። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ሲነሣ ጋሼ ክንዱ ተቀብለው እስከ አተላው ጠጡት። «ድገሚኝ» አሉ።

እትዬ አገርነሽ መቅዳት አቃታቸው። «እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ» አሉ እንባቸው እየወረደ።

«ምን ሞት አመጣብሽ» አሉ ጋሼ ክንዱ። «ለዓመት ተራሽ ሲደርስ ማን ሊደግስልን ነው?»