ግሌኒስ ማሽኑን ያስነሣችበት ክረምት

ግሌኒስ ታትኔል በአልቨርስተን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። እዚህ ካደጉት ጎልማሶች "ቁጭ በል!" ብላ ያልጮኸችበት ብዙ አይገኝም። ጡረታ ስትወጣ ቤት መዋል አልሆንላት ቢል፣ ማክሰኞና ሐሙስ እኛ ጡረተኞች እንጨት ወደምንሠራበት ወርክሾፕ መምጣት ጀመረች።

ጥግ ላይ ሸራ የለበሰ አንድ ትልቅ ማሽን ነበረን። በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚፈለፍል ነው፤ አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ነው የሰጠን። ብረቱና ሦስቱ ሞተሮቹ ደህና ናቸው፤ የሚያዛቸው ሳጥን ግን ተቃጥሏል፣ መለዋወጫም የለውም። ስለዚህ የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ አድርገነው ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ኖላ ሪግቢ መጣች። ኖላ በመጥረቢያ ግንድ የሚቆርጡ ተወዳዳሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ማኅበሩ መቶ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ የአሸናፊዎቹ ስም ሁሉ እንጨት ላይ ተቀርጾ በጥቅምቱ በዓል እንዲሰቀል ፈልጋለች።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ነው" አለች። "የሚቀርጽልን ሰውዬ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተወው።"

ግሌኒስ ወደ ሸራው ዞረች። "ያኛውስ?"

"እሱማ ሬሳ ነው" አላት ሊንዚ ብራሚች። ሊንዚ ዕድሜውን በብረት ሥራ የጨረሰ፣ የወርክሾፓችን አዋቂ ነው።

"አስነሣዋለኋ!"

"አንቺ? ስልክሽን እንኳ በአንድ ጣት አይደል የምትነካኪው?"

"ሌላውን ጣቴን ላንተ አስቀምጬው ነው።"

እንዲህ ያለ ማሽን የሚያዝ፣ በነጻ የሚገኝና ማንም ከፍቶ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር እንዳለ ያወቀችው ኢንተርኔት ላይ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ሊንዚም እያጉረመረመ ሽቦውን ዘረጋላት። ችግሩ፣ ሶፍትዌሩ ስለኛ ማሽን የሚያውቀው ነገር የለም። ስንት ሞተር እንዳለው፣ እስከ የት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር መጻፍ አለባት። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች እንቢ ይላል።

ሦስት ሳምንት እንቢ አላት። መመሪያውን አትማ፣ በማስመሪያ እየተከተለች አነበበችው። ሲቸግራት ተጠቃሚዎቹ የሚወያዩበት ገጽ ላይ ጠየቀች። አንድ የፊንላንድ ሰው "ፋይልሽን አሳዪኝ" አላት። ልብስሽን አውልቂ የተባለች ይመስል ፊቷ ቀላ። ግን ላከችው።

በአራተኛው ሳምንት ማሽኑ ተንቀሳቀሰ። ጨበጨብን። ግሌኒስ በሜትር ለካችና "አሥር ሚሊሜትር ሂድ ብዬው አምስት ነው የሄደው" አለች።

"ሰነፍ ነው" አለ ሊንዚ።

"ሰነፏ እኔ ነኝ።" ወረቀት አውጥታ አሰላች። ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር አንድ ሺህ ስድስት መቶ የኤሌክትሪክ ምት ይፈልጋል፤ በአንዱ ዙር አምስት ሚሊሜትር ይገፋል። ስለዚህ ለአንድ ሚሊሜትር ሦስት መቶ ሃያ። እሷ የጻፈችው መቶ ስድሳ ነበር። አስተካከለች፤ ልክ መጣ።

ቀጥሎ ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ እየጮኸ ቀጥ ይል ጀመር። ሊንዚ ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊፈታው ቁልፍ አነሣ።

"ተው እስቲ!" አለችው። "የአነሣሡን ፍጥነት ነው ያበዛሁበት። አርባ ልጅ ጭኜ ነዳጁን አንዴ ብረግጠው አውቶቡሱ ምን ይሆን ነበር?"

ቁጥሯን በግማሽ ቀነሰች። ማሽኑ ድምፁን አጥፍቶ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሊንዚ ቁልፉን ቀስ ብሎ ቦታው መለሰ።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ ጥድ ላይ ቀረጸች። የመረጠችው ቃል "አልቨርስተን" ነበር። ብናኙን ጠርጎ ሲያየው ሊንዚ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ፊደሎቹ ያማሩ፣ ጥልቀታቸው እኩል፣ ግን ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጡ ናቸው።

"ግሌኒስዬ፣ ከመስታወት ጋር አብረሽ ነው የምትሸጪው?"

ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እሷም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ሞተር በተቃራኒው ይሄድ ነበር። ቁጥሩ ፊት አንድ የመቀነስ ምልክት ብትጨምርበት ተቃና። ያችን ጥድ ሽንት ቤቱ መስታወት ትይዩ ሰቀልናት፤ እጁን የሚታጠብ ሰው አስተካክሎ ያነባታል።

ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ስሞች በመስከረም አለቁ። በበዓሉ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ግንድ ቆራጮቹ ነጭ ሱሪያቸውን ለብሰው ስሞቹ በተቀረጹበት ሰሌዳ ሥር ተሰለፉ። አቶል የሚባል የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ በልጁ ተደግፎ መጣ። በ1934 ያሸነፈው የአባቱ ስም ላይ ጣቱን አስገብቶ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሄደበት። ከዚያ ተመልሶ እንደገና ሄደበት።

"ማነው የቀረጸው?" አለ።

ኖላ ግሌኒስን አሳየችው። እጇን ይዞ አልለቅ ቢላት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጮኽ የኖረችው ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ "ማሽኑም አግዞኛል" አለችው።

ሥጋ የተሞላውን ዳቦ፣ ፓይ፣ ወደሚሸጡበት ስንሄድ ሊንዚ ከኋላ ደረሰባት። "ያ ቤቴ ያለው አሮጌ የብረት መቅረጫ ማሽኔ… እሱም ይነሣ ይሆን?"

"ይነሣል። ግን ፋይሉን የምትጽፈው አንተ ነህ።"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ማክሰኞ ሦስት ሰዓት። ካረፈድክ ትቼህ ነው የምሄደው።"

ማክሰኞ ሊንዚ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሶ በር ላይ ሲጠብቃት አገኘነው።