ከጅረቱ ወዲህ

ኬሬንሳ ሆኪንግ ቤት ለመጠየቅ በቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ ባለችው በዚህች የባሕር ዳር መንደር፣ በፖርትሜለር፣ የእንግዳ ቤቶችን አንሶላ በማጠብ የኖረች ሴት ናት። ቤቶቹ አንድ በአንድ የለንደን ሰዎች የበጋ ማረፊያ ሆኑ፤ በመጨረሻም የእሷው አከራይ አስወጣት።

አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትናንሽ ቤቶች ተሠርተዋል። ዋጋቸው ከገበያው በታች ነው፤ ገዢውም በተራው ሲሸጥ በዚያው ቅናሽ ይሸጣል። ሳይያዝ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ይህን ለመግዛት ግን ያለፉትን አምስት ዓመታት ሳያቋርጡ በቀበሌው መኖር ግድ ይላል። ይህን ደንብ አጥብቃ የጠየቀችው ደግሞ ራሷ ኬሬንሳ ነበረች። ዕቅዱ ለነዋሪው የቀረበ ዕለት ብድግ ብላ፣ «ጉንዳኖቹ እዚህም እንዳይገቡብን! ከጅረቱ ወዲህ ለኖረ ሰው ብቻ ይባልልን!» አለች። ጉንዳን የምንለው በበጋ እየተግተለተለ የሚመጣብንን እንግዳ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ልብ ያላለችው ነገር ቢኖር፣ ቤት ካጣች ወዲህ የተጠጋችበት የእህቷ ተጎታች ቤት ከጅረቱ ማዶ መቆሙን ነው። ጅረቱ በቦቲ ጫማ የሚሻገሩት ቀጭን ውኃ ስለሆነ፣ ከመንደሯ የወጣች መስሏት አያውቅም። የቀበሌው ወሰን ግን በመካከሉ ያልፋል። ይህን የተረዳችው ትናንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል ከአፏ አልገባም።

«ግቢ፣ የኔ ወፍ» ብላ ታምሲን ሮው በሩን ከፈተችላት። ታምሲን የቀበሌው ምክር ቤት አባል ናት፤ ክረምቱን ሙሉ እስከ ተጎታች ቤቱ ድረስ ወተት ያመላለሰችላትም እሷ ናት።

ሊቀ መንበሩ ጃጎ ፔንደር ሳቅ አለ። «አንቺንማ ምን እንጠይቅሻለን? ከዚሁ ድንጋይ የበቀልሽ! ለደንቡ ያህል ነው። አምስቱንም ዓመት እዚሁ ነበርሽ፣ አይደል?»

«አዎ» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ታምሲን ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኬሬንሳ ከውሸቱ ይልቅ ያንን ዝምታ ፈራች፤ ቤቱን ብታገኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ዝምታ ጋር ልትጎራበት ነው።

«ማዶ ነበርኩ፤ እህቴ ጋ።»

«ምነው አፍሽን በያዘው!» አለች ታምሲን።

ጃጎ መነጽሩን አወለቀ። «አይ አንቺ! ‹ወዲህ› ያልሽው ራስሽ አይደለሽ እንዴ? ይኸው፣ በገዛ ገመድሽ! በይ እንግዲህ፣ እስከ ገና ድረስ ከቀበሌው ሰው ካልጠየቀ ነው ተራው ለማዶዎቹ የሚደርሰው።»

«የሚጠይቅ ይኖራል?»

«እስካሁን የለም። ጸልዪ።»

ወጥታ የበሩን እጀታ እንደያዘች፣ ከጅረቱ ወዲህ በእናቱ አንድ ክፍል ውስጥ ከነሚስቱ የሚኖረው ፔራን ከፊቷ ቆመ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ከኋላው ሆዷን ደግፋ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«አክስት ኬሬንሳ፣ አንድ ቤት ቀርቷል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?»

«አልቋል» ብትል ይበቃት ነበር። ልጁ ያምናታል፤ ተመልሶም ይሄዳል። በሩን መልሳ ከፈተችላቸው።

«አለ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ግቡ፤ እነ ጃጎ ገና አልተነሱም።»