የዴልበርት የባሩድ ቀንድ

ጡረታ የወጣው የኬንታኪው አውቶቡስ ሾፌር ዴልበርት ስታምፐር ክረምቱን ሙሉ አንድ የበሬ ቀንድ ሲፍቅና አጋዘን ሲቀርጽበት ከረመ። ከዚያም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎችና ለእነሱ ባሩድ የሚያዝበት ቀንድ ሠሪዎች ወደሚሰበሰቡበት ድንኳን ደረቱን ነፍቶ ገባ።

አንጋፋዋ ቀንድ ሠሪ ቨርና አገላብጠው አዩለት። "አጋዘኗ ነፍስ ያላት ትመስላለች። ለመሆኑ ባሩዱ በየት ይወጣል?"

ዴልበርት ጫፉን ቢያየው ድፍን ነው። ለካ መብሳቱን ረስቶታል! ፊቱ ፍም መሰለ።

"እትዬ ቨርና፣ እኔ'ኮ ሰላማዊ ሰው ነኝ፤ እንዳይወጣ ብዬ ነው።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቨርና መሰርሰሪያ ሰጡት። የቀንዱን መጉበጥ ዘንግቶ ቀጥ አድርጎ ቢሰረስረው መሰርሰሪያው በአጋዘኗ ሆድ ብቅ አለ።

"በዕድሜዬ ሳልስት የመታኋት አጋዘን ይቺ ብቻ ናት" አለ ዴልበርት።

ቨርና የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ከጎናቸው አስቀመጡትና ሌላ ቀንድ አስያዙት።