ከአሳማው ጋጣ ጀርባ

ቨርና ኮልተርማን አሜሪካ፣ ነብራስካ ገጠር ውስጥ ካገባች ጀምሮ የምትኮራበት ነገር አንድ ነው፤ በሐምሌ ምሽቶች ጎረቤት ሁሉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ደጇ መሰብሰቡ። ሰዉ የሚመጣው ጀንበር ስትጠልቅ የሚፈካውን ቢጫ አበባ ለማየት ነው። እንቡጡ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዐይን እያየው ይዘረጋል። ቀድሞ «ፈካ» ያለ ሰው ቨርና ከጋገረችው የቼሪ ፓይ የመጀመሪያውን ቁራጭ ይበላል። ሕጉ ይኸው ነው።

ባሏ ዴልበርት ብቻ አንድም ምሽት ተቀምጦ አያውቅም። አረም ሲያብብ ለማየት ብዬ ጊዜዬን አላጠፋም ይላል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ግቢው ውስጥ ከሣር ሌላ ቅጠል ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ባለፈው መከር ቨርና የወለደች ልጇን ልታርስ ኦማሃ ሄዳ ከረመች። ዴልበርትም ስትመለስ ደስ ይበላት ብሎ ደጁን ኮተኮተው። መሬት ላይ እንደ ሳህን የተነጠፈውን ቅጠል ሁሉ ነቅሎ ጣለ። ያ አበባ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚያሳልፈው እንዲያ ተጋድሞ ነው፤ ግንድ አውጥቶ የሚያብበው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ አብቦም ይሞታል።

ቨርና ተመልሳ ባዶውን መሬት አየች። ግን በደግነት ያጠፋን ሰው ምን ብለው ይቆጡታል? ሰሞኑን ሁሉ ድስቶቹን ጓ እያደረገች አስቀመጠች።

ሐምሌ ደረሰ። ዘንድሮ አትምጡ ልትል አፍራም አዝናም ስልኩን እንዳነሣች ዴልበርት በሩ ላይ ቆመ።

«አስቀምጪውና ተከተዪኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ አሳማዎቹ።»

«ምነው፣ ራት ጠሩን?»

ከጋጣው ጀርባ፣ ዴልበርት ካቻምና የውኃ ቧንቧ ሊቀብር በቆፈረው መስመር ላይ፣ አበባው ቁመቱ ሰው አክሎ ተሰልፏል። ቨርና ወዲያው ገባት። ዘሩ አፈር ውስጥ ዘመን ቢያስቆጥርም አይሞትም፤ መሬቱ ተገልብጦ ብርሃን ሲያገኝ ይነሣል።

«እኔው ነቀልኩት፣ እኔው ዘራሁት ማለት ነዋ» አለ ዴልበርት።

«አንተማ ቧንቧ ነው የቀበርከው» አለችው፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

በዚያው ምሽት ጎረቤቱ ከአሳማዎቹ ጀርባ ተደርድሮ ተቀመጠ። ወዳጇ አርዲት አፍንጫዋን ይዛ፣ «ቨርና፣ ዘንድሮ ሽቶ ቀየርሽ እንዴ?» አለችና ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ወንበሩን ሲያመላልስ የቆየው ዴልበርት የመጨረሻውን ሚስቱ አጠገብ ዘረጋ፤ እንደ ልማዱ ሄደ ሲባል ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠበት።

ጀንበር ጠለቀች። ፊት ለፊታቸው አንድ እንቡጥ ተንቀጠቀጠ። በየዓመቱ ማንም የማይቀድማት ቨርና አየችው፤ ዘንድሮ ግን ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ዴልበርት አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ፈካ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰው።

ቨርና ከፓዩ ትልቁን ቁራጭ ቆርጣ ሰጠችው።