ባልጩቱና ማንቆርቆሪያው

በሃምሳዎቹ ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳይንስ ሳስተምር ከአንድ ቄስ ግቢ ክፍል ተከራይቼ ልጃቸውን ወደድኳት። ሽማግሌ ሰደድኩ። ቄሱ ሽማግሌዎቹን ጥሩ ጠላ ካጠጡ በኋላ፣ «ልጄን ድንጋይ እንደ ስኳር ይሟሟል ለሚል ሰው አልሰጥም» ብለው መለሷቸው።

እንደዚያ አላልኩም። ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው፣ ሳሙና የሚሠራበት ኃይለኛ ነገር፣ በውሃ ሲበጠበጥ አንዳንድ ማዕድን ቀስ እያለ ያሟሟል ነው ያልኩት። ተማሪዎቹ «ቀስ እያለ» የምትለዋን መንገድ ላይ ጥለዋት ቤታቸው ገቡ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አይሆንልኝም። ቄሱ ዘንድ ሄጄ ላርም ብል ነገሩን ጭራሽ አከረርኩት።

«እንግዲያው አሳየኝ» አሉኝ። «ድንጋዩ ከቀለጠ ልጅቷ ያንተ ናት።»

አንድ ባልጩት ለቅሜ፣ ብርጭቆ ውስጥ የሶዳውን ውሃ አፍስሼበት መስኮቴ ላይ አኖርኩት። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ ጎራ እያለ፣ «መምህር፣ ቀለጠ?» ይለኛል። በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳንስ ድንጋይ ቅቤም አይቀልጥ። ልጅቷን ላጣት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሙቀት እንደሚያፋጥነው አውቃለሁ፤ የማፈላበት ዕቃ ግን የለኝም። ልጅቷ የእናቷን አዲስ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ በነጠላዋ ሸፍና አመጣችልኝ። እኔም በፍቅር ደንዝዤ የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁና ውሃውን ከነባልጩቱ ገልብጬበት እሳት ላይ ጣድኩት።

ወዲያው ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጠቆረ። ከዚያ ቂጡ ተበሳና እሳቱ ጠፋ። የግቢው ሰው ሲሰበሰብ ባልጩቱ አመዱ ላይ እያብረቀረቀ ቁጭ ብሏል። የልጅቷ እናት ማንቆርቆሪያቸውን አይተው አለቀሱ።

ቄሱ ባልጩቱን በእንጨት አገላበጡት።

«ድንጋዩ አልቀለጠም» አሉ።

«አልቀለጠም፣ መምሬ።»

«የቀለጠው ብረቱ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «እኔ የጠየቅኩት ድንጋይ ነበር። ይሄ ሰውዬ ብረት አቀለጠ። ብረት አይበልጥም እንዴ?» ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «በይ፣ ጌሾ አስመጪ» አሉ።

ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም መሆኑን፣ አሉሚኒየም ደግሞ ለሶዳ ከድንጋይ ቀድሞ እጁን እንደሚሰጥ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ እግሬን ረገጠችኝ። ዝም አልኩ፤ አገባኋት።